ማኅበራችን ከማዳበሪያ ማከፋፈል አልፎ የአባላቱን እህል መግዛት እንዲችል ከየት እንጀምር?

ጠያቂ፦ የማኅበር ጸሐፊ፣ ከቢቸና አካባቢ

ሰላም ለእናንተ ይሁን። በምሥራቅ ጎጃም፣ በቢቸና አካባቢ በሚገኝ አንድ መሠረታዊ የገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበር ውስጥ ካለፈው ዓመት ጀምሮ በጸሐፊነት ተመርጬ እያገለገልሁ ነው። አባቴ ማኅበሩ እንደገና ሲደራጅ በመጀመሪያ ከተመዘገቡት አባላት አንዱ ሲሆን፣ የአባልነት ደብተሩን ዛሬም ከመሬቱ ደብተር ጋር በአንድ ላስቲክ ጠቅልሎ በሣጥን ውስጥ ያኖረዋል። ገልጬ ባየሁት ጊዜ የመመዝገቢያና የአንዲት ዕጣ (የካፒታል ድርሻ) ክፍያ ከተጻፈበት ከመጀመሪያው ገጽ በቀር ሌሎቹ ገጾች ባዶ ናቸው። ይህን ሁሉ ዓመት አባል ሆኖ ሲኖር ለማኅበሩ አንድ ኩንታል አልሸጠም፤ ማኅበሩም አንድ ብር የትርፍ ድርሻ አልከፈለውም።

ጥያቄዬን ያስነሣው ባለፈው ታኅሣሥ ያየሁት ነገር ነው። ጤፉ ተወቅቶ ከአውድማ በሚነሣበት ሳምንት የነጋዴ አይሱዙ ከአውድማው ዳር ቆሞ፣ እህሉ እየተመዘነ ገንዘቡ በእጅ በእጅ ሲቆጠር ይውላል። አንድ ጎረቤታችን ከቤቱ 100 ኪሎ ብሎ ያወጣው ጆንያ ከመኪናው ሥር ሲመዘን 96 ኪሎ ሲሆን ቆሜ አይቻለሁ። ሰውየው ጉድለቱን አውቆታል፤ ነገር ግን በክረምት የተበደረውን የሚከፍልበት ቀን ስለደረሰ ገንዘቡን ተቀብሎ ሄደ። በዚያው ሰዓት የማኅበራችን መጋዘን ተቆልፎ፣ ሚዛናችን ባዶ የማዳበሪያ ከረጢት ለብሶ ከጥግ ቆሞ ነበር። ማዳበሪያ በሚከፋፈልበት ቀን አባላቱ ገና ጎሕ ሳይቀድ ተሰልፈው እናገኛቸዋለን፤ ጠቅላላ ጉባዔ ስንጠራ ግን ሁለት ጊዜ ምልዓተ ጉባዔው ሳይሞላ ተበትኗል።

በየመድረኩ የኅብረት ሥራ እንቅስቃሴያችን ይጠናከር ሲባል እሰማለሁ። ማጠናከር ማለት ለእንደኛ ያለ ማኅበር በተግባር ምንድን ነው? ገንዘቡ ይቅደም ወይስ ትምህርቱ? ወይስ የአባሉ እምነት ነው የሚቀድመው? ልምድ ያላችሁ ብትመክሩኝ በመጪው ጥር ለሚደረገው ጉባዔ ይዤው እቀርባለሁ።

መልስ፦ ጡረተኛ አደራጅ፣ ፍኖተ ሰላም

ልጄ፣ የጻፍኸውን ሁለት ጊዜ አነበብሁት። የአባትህ ባዶ ገጾች ነገሩን ሁሉ ይናገራሉ። እኔ በወረዳ አደራጅነት ረጅም ዘመን ሠርቼ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ። በእኔ ጊዜ ዕቅዳችን የሚለካው በተደራጁት ማኅበራትና በተመዘገቡት አባላት ቁጥር ነበር፤ ቁጥሩን ለመሙላት በአንድ ቀን ስብሰባ ማኅበር አቋቁመን የተመለስንባቸው ቀበሌዎች አሉ። ገበሬው ማኅበሩ የራሱ መሆኑን ሳይረዳው፣ ምን እንደሚሠራለት ሳይጠይቅ እጁን አውጥቶ አጽድቆልናል። ይህ ጥፋት የእኔም ስለሆነ ዛሬ በግልጽ እናገረዋለሁ።

በጎጃም «ማኅበር» የሚለው ቃል ሁለት ትዝታ አለው። አንደኛው የጽዋው ማኅበር፣ ሰንበቴው፣ ዕድሩ፣ ደቦውና ወንፈሉ ነው፤ በዚህ ማንም የሚያስገድደው ሳይኖር ሰው ተራውን ጠብቆ ይደግሳል፣ የባልንጀራውንም እርሻ ሄዶ ያርማል። ሁለተኛው ግን ያስፈራል። የኅብረት ሥራ ሕግ በአገራችን የተጀመረው በንጉሡ ዘመን፣ በ1953 በወጣው ድንጋጌ ነው፤ በ1958 ደግሞ የተሻለ አዋጅ ወጣለት። ገበሬውን በሙሉ የነካው ግን ከ1966ቱ ለውጥ በኋላ የወጣው የ1970ው አዋጅና እሱን ተከትሎ የመጣው የአምራቾች ማኅበር ነው። መልባ በሚባለው በመጀመሪያው ደረጃ መሬቱ የጋራ ሲሆን በሬውና ሞፈር ቀንበሩ በግለሰቡ እጅ ይቆያሉ፤ ወልባ ከሚባለው ከቀጣዩ ደረጃ ሲደርስ በሬውም የጋራ ይሆናል። ከዚህ ጋር ደግሞ እህሉን መንግሥት በወሰነው፣ ከገበያው ባነሰ ዋጋ በኮታ ማስረከብ ነበረበት። ኮታው ያልሞላለት ሰው ከገበያ ገዝቶ ያስረከበበትን ዓመት የማያስታውስ ሽማግሌ በእኛ አገር አይገኝም።

በ1982 የግል ሥራንም የሚፈቅደው የቅይጥ ኢኮኖሚ ፖሊሲ ሲታወጅ ገበሬው የማንንም ትእዛዝ ሳይጠብቅ አብዛኞቹን የአምራቾች ማኅበራት በጥቂት ወራት ውስጥ አፈረሳቸው። እኔ በነበርሁበት ቀበሌ በሬዎቹ ከአንድ ዋርካ ሥር ተሰብስበው በዕጣ ሲከፋፈሉ ቆሜ አይቻለሁ። አንድ ሽማግሌ ወደ ማኅበሩ ያስገቡት ቀይ በሬ ለሌላ ሰው ደረሰ፤ በሬው ግን ከመንጋው ተለይቶ ወደ ቀድሞ ጌታው ደጅ ሄደና ቆመ። ሽማግሌው አንገቱን አቅፈው ሲያለቅሱ ባለዕጣውም አብሮ አለቀሰ። ይህን ያየ ትውልድ ዛሬ የቤተሰብ አባወራ ነው፤ ልጆቹም ሲተረክ ሰምተዋል። ስለዚህ አባላትህ ጉባዔ ሲቀሩ ስንፍና ነው ብለህ አትፍረድባቸው።

በታኅሣሥ 1991 የወጣው አዋጅ ቁጥር 147 ማኅበር በፈቃደኝነት እንደሚቋቋም፣ አባሉ የያዘው ዕጣ ቢበዛም ቢያንስም አንድ ሰው አንድ ድምፅ እንደሚኖረው በግልጽ ደንግጓል። በ2009 የወጣውም አዋጅ ቁጥር 985 ይህንኑ መሠረት ይዟል። ሕጉ በዚህ በኩል ጉድለት የለበትም። የጎደለው ገበሬው ይህ ማኅበር በሬውን ከወሰደበት ከዚያኛው የተለየ መሆኑን በእጁ ዳስሶ የሚያይበት ነገር ነው።

ስለ ሚዛኑ ያነሣኸው ነገር ደግሞ እንቅስቃሴው በዓለም ላይ የተጀመረበትን ታሪክ አስታወሰኝ። እ.ኤ.አ. በ1844 በእንግሊዝ አገር በሮችዴል ከተማ፣ ብዙዎቹ ሸማኔዎች የነበሩ 28 ሰዎች ጥቂት በጥቂት ያጠራቀሙትን ገንዘብ አዋጥተው አንዲት ትንሽ ሱቅ ከፈቱ። የሸጡት ዱቄት፣ ቅቤ፣ ስኳርና ሻማ ነበር። በዚያ ዘመን ነጋዴ ዱቄቱን ከባዕድ ነገር ጋር ይቀላቅልና በሚዛን ያጭበረብር ስለነበር፣ እነሱ ያልተቀላቀለ ዕቃ በትክክለኛ ሚዛን ሸጡ፤ የዓመቱንም ትርፍ እያንዳንዱ አባል ከሱቁ በገዛው መጠን አካፈሉት። ዛሬ በመላው ዓለም የሚታወቁት የኅብረት ሥራ መርሆዎች የተወለዱት ከዚያች ሱቅ ነው። የእናንተም ሥራ ከረጢት ከለበሰው ሚዛን ቢጀምር የሚሻል ይመስለኛል።

መልስ፦ ሒሳብ ሠራተኛ፣ ደብረ ማርቆስ

ጋሼ የተናገሩትን እያከበርሁ ወደ ሒሳቡ ልግባ፤ ምክንያቱም እምነት ያለ ገንዘብ ብዙ አይራመድም።

ወንድሜ፣ ማኅበርህ 900 አባላት አሉት፣ እያንዳንዱም የ300 ብር አንዲት ዕጣ አለው ብለን ለምሳሌ እንነሣ። ጠቅላላው የዕጣ ካፒታል 270,000 ብር ይሆናል። አንድ ኩንታል ጤፍ 12,000 ብር ነው ብንል፣ ይህ ገንዘብ የሚገዛው 22 ኩንታል ተኩል ብቻ ነው፤ አንድ አይሱዙ አይሞላም። እንግዲህ 900 ገበሬ ያለው ማኅበር የአንድ ደህና ገበሬ ምርት ብቻ የመግዛት አቅም ይዞ ነው ከነጋዴው ጋር ገበያ የሚወጣው። ብዙ ማኅበራት የሚያደርጉት ከዩኒየን፣ ማለትም መሠረታዊ ማኅበራት ተባብረው ካቋቋሙት የበላይ ማኅበር፣ ወይም ከብድር ተቋም ገንዘብ እስኪመጣ መጠበቅ ነው። የብድሩ ፎርማሊቲ አልቆ ገንዘቡ ሲደርስ ግን የካቲት ይሆናል፤ እህሉም ከአውድማው ከተነሣ ቆይቷል።

እኔ የምመክርህ ካፒታሉን ከአባላቱ በእህል እንድትሰበስብ ነው። እያንዳንዱ አባል በውቂያ ጊዜ 25 ኪሎ ጤፍ ለማኅበሩ ቢያስረክብ፣ ማኅበሩም እንደ ግዢ መዝግቦ ዋጋውን በአባሉ ስም ወደ ዕጣ ቢያዞርለት፣ ከ900 አባላት 225 ኩንታል ይሰበሰባል። በዚያው ዋጋ ሲሰላ 2,700,000 ብር ነው፤ ከነበረው ካፒታል አሥር እጥፍ ማለት ነው። በጥሬ ገንዘብ አምጡ ብትላቸው ይህን በአምስት ዓመትም አታገኘውም፤ አውድማው ላይ ቆሞ ለነዳይ፣ ለካህኑና ለዘመድ የሚሰፍር ገበሬ ግን ሩብ ኩንታል ለራሱ ማኅበር መስፈር አይከብደውም። በአንድ ሰው እጅ ብዙ ዕጣ እንዳይከማች ሕጉ ራሱ ይከላከላል፤ አንድ አባል ከጠቅላላው ዕጣ ከአሥር በመቶ በላይ ሊይዝ አይችልም።

ቀጥሎ የሚመጣው የትርፉ ክፍፍል ነው፤ የአባትህን ደብተር ገጾች የሚሞላውም ይህ ነው። ማኅበሩ 1,000 ኩንታል ገዝቶ፣ ወጪው ሁሉ ተቀንሶ በኩንታል 200 ብር አተረፈ እንበል። የተጣራው ትርፍ 200,000 ብር ነው። በ1991ዱ አዋጅ በተለመደው አሠራር 30 በመቶው፣ ማለትም 60,000 ብር፣ ለመጠባበቂያ ቢቀመጥ ለአባላት የሚከፋፈለው 140,000 ብር ይሆናል። መተዳደሪያ ደንባችሁ ይህንን በተሳትፎ ልክ እንዲከፈል ቢወስን፣ በያንዳንዱ ኩንታል 140 ብር ይደርሳል፤ 12 ኩንታል ያስረከበ አባል 1,680 ብር ይቀበላል፣ ምንም ያላስረከበው ከዚህ ክፍፍል አይደርሰውም። ገንዘቡ ራሱ ብዙ ላይባል ይችላል። ጎረቤቱ በአደባባይ ስሙ ተጠርቶ ሲቀበል ያየ ሰው ግን በሚቀጥለው ዓመት እህሉን ለማን እንደሚያስረክብ አስቦበት ይመጣል።

አንድ ነገር ደግሞ አጥብቄ ላሳስብህ። ኦዲት በየዓመቱ ሊደረግ ይገባል፤ የኦዲቱም ውጤት በወረዳው ፋይል ውስጥ ታስሮ ከመቅረት ይልቅ በመጋዘኑ በር ላይ በትልልቅ ፊደል ተጽፎ ይለጠፍ። ስንት ኩንታል ተገዛ፣ በስንት ተሸጠ፣ ለጫኝና አውራጅ ምን ያህል ወጣ፣ በካዝና ምን ቀረ የሚለውን ማንበብ የማይችል አባል ልጁ ያነብለታል። በሥራዬ ያየኋቸው የተጎዱ ማኅበራት አብዛኞቹ የወደቁት ትልቅ ሌብነት ተፈጽሞባቸው አይደለም፤ ደረሰኝ ሳይቆረጥ የወጣ ትንሽ ገንዘብ፣ ኋላም ማን እንደወሰደው የማይታወቅ ዱቤ እየተጠራቀመ ነው።

መልስ፦ የቤት እመቤትና ቆጣቢ፣ ከዳንግላ

እኔ የገንዘብ ቁጠባና ብድር ኅብረት ሥራ ማኅበር አባል ነኝ። ማኅበራችን ሲጀመር የሰፈር ሴቶች ዕቁብ ነበር፤ ኋላ ሕጋዊ ሆነን ተመዘገብን። ወንድሜ ጸሐፊው፣ ጎረቤትህ የጎደለውን 4 ኪሎ እያወቀ ገንዘቡን ለምን ተቀበለ ብለህ ብትጠይቅ መልሱን ራስህ ጽፈኸዋል፤ የክረምት ዕዳ ነበረበት። ነገሩ የሚበላሸው በሐምሌና በነሐሴ ነው፤ ታኅሣሥ ላይ የምናየው ውጤቱን ነው። በክረምት የቤቱ እህል ያልቃል፣ ዘርና ማዳበሪያ ይፈለጋል፣ ሰው ይታመማል፤ በመስከረም ደግሞ ለልጆች ደብተርና ልብስ አለ። በዚህ ጊዜ ያበደረው ሰው እህሉ ገና በማሳ ላይ እያለ ጌታው ሆኗል።

እኛ በክረምት ለአባሎቻችን የምንሰጠው ብድር ትንሽ ነው፤ የመመለሻውን ጊዜ ግን ሆን ብለን ወደ ሚያዝያና ግንቦት ገፋነው። የእህል ዋጋ ከውቂያ በኋላ ወርዶ ወደ ክረምት ሲጠጋ የሚወጣ መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን፤ አባሏ ጤፏን ወይም በቆሎዋን እስኪወደድ ካቆየች ብድሯን ከፍላ ይተርፋታል። በመጀመሪያው ዓመት ዘግይተው የከፈሉ ነበሩ፤ ነገር ግን ዋስ የምትሆናት ጎረቤቷ፣ አብራት ቡና የምትጠጣ ሴት ስለሆነች ማንም ሳይከፍል አልቀረም። በጀርመን አገር ራይፋይዘን የሚባል የገጠር ከንቲባ እ.ኤ.አ. በ1864 የገበሬዎች የብድር ማኅበር ያቋቋመው በአራጣ አበዳሪ እጅ የወደቁትን ገበሬዎች ለማውጣት እንደነበር በአንድ ሥልጠና ላይ ሰምቻለሁ፤ የእሱ አባላትም አንዳቸው ለሌላቸው ዋስ ነበሩ። ስሰማው የእኛኑ ሰፈር ያወሩ መሰለኝ።

ስለዚህ ምክሬ የእህል ገዢው ማኅበርና የቁጠባ ማኅበሩ እጅ ለእጅ ይያያዙ የሚል ነው። ሁለቱ በአንድ ቀበሌ ውስጥ እየኖሩ አይተዋወቁም።

ሌላም የሚቆጨኝ ነገር አለ። ባለቤቴ የገበሬዎች ማኅበር አባል ነው፤ እኔ አይደለሁም። ጤፉን ያረምሁት፣ ከአጫጆቹ ጋር የዋልሁት፣ ነፋስ ጠብቄ ያበጠርሁት፣ የትኛው ለዘር የትኛው ለገበያ እንደሚሆን የለየሁት እኔ ነኝ። እህሉ መቼ እንደሚሸጥ የሚወሰነው ደግሞ በቤት ውስጥ፣ ሌሊት፣ ከሁለታችን ውይይት ነው። ጉባዔያችሁ አልሞላ ያለው የየቤቱ ግማሽ ስላልተጠራ እንዳይሆን አስቡበት። ሚስቶችን በየራሳቸው ስም አባል አድርጓቸው፤ ገንዘቡን ተከታትለው የሚጠይቁ አባላት ታገኛላችሁ።

መልስ፦ እህሉን ለነጋዴ የሚሸጥ አባል፣ ከመራዊ

ሁላችሁም መልካም ተናግራችኋል፤ እኔ ግን የተጎዳሁትን ልናገር። ከጥቂት ዓመታት በፊት ማኅበራችን በቆሎ እገዛለሁ ብሎ ሲያስነግር 14 ኩንታል ጭኜ ሄድሁ። በደረሰኝ ተቀበሉኝና ገንዘቡን በሁለት ሳምንት ውስጥ ና ውሰድ አሉኝ። ገንዘቡን የተቀበልሁት ከአምስት ወር በኋላ ነው። በመካከል ስመላለስ ጸሐፊው ወደ ሊቀ መንበሩ፣ ሊቀ መንበሩ ወደ ዩኒየኑ ይልከኛል። ከነጋዴው ጋር ዝምድና የለኝም፤ ነገር ግን የእሱ ገንዘብ በዚያው ቀን በእጄ ይገባል። ማኅበሩ ከዚህ ያነሰ ሠርቶ ሳለ ታማኝ አባል ሁን ቢለኝ አልሰማውም።

ጸሐፊው ወንድሜ፣ ስለ እህሉ ዓይነትም በጥንቃቄ አስብ። በእኛ አካባቢ የቆጋ መስኖ አለ፤ ወደ 7,000 ሄክታር ያጠጣል። ሽንኩርትና ድንች በአንድ ሳምንት ተነሥቶ ገበያውን ሲሞላው ማንም ማቆየት አይችልም፤ መንገድ በተዘጋበት ጊዜ ከማሳው ላይ ሲበሰብስ አይተናል። በቆሎውን ነቀዝ ይገባበታል። ጤፍ ግን ነቀዝ አይደፍረውም፤ በደረቅ ቦታ ከተቀመጠ ዓመትም ቢቆይ አይበላሽም። ማኅበራችሁ ልምድ ሳይኖረው ሁሉንም ልግዛ ብሎ እንዳይነሣ፤ በጤፍ ጀምሩ፣ ጥቂት ግዙ፣ ነገር ግን በዕለቱ ክፈሉ። እንደዚያ ያደረገ ማኅበር ካለ እኔም እመለሳለሁ።

መልስ፦ የግብርና ምጣኔ ሀብት መምህር፣ ባሕር ዳር

ከመራዊ የጻፉት ወንድማችን ቅሬታ ሥራው በማን እጅ ነው የሚለውን ጥያቄ ያመጣል። በሕንድ አገር በጉጃራት ግዛት፣ አናንድ በምትባል ከተማ የወተት አምራቾች በነጋዴ ሞኖፖል ተማርረው እ.ኤ.አ. በ1946 የመሠረቱት ማኅበር ዛሬ አሙል በሚል ስም ዓለም ያውቀዋል። በሊቀ መንበርነት የመሩት በገበሬው የተመረጡት ትሪቡቫንዳስ ፓቴል ሲሆኑ፣ ሥራ አስኪያጅ አድርገው የቀጠሩት ቨርጌዝ ኩሪየን የተባለ መሐንዲስ ነበር። የተመረጠው ሰው የአባላቱን ጥቅም ይጠብቃል፣ የተቀጠረው ሰው ገበያውንና ማሽኑን ያንቀሳቅሳል፤ አንዱ በሌላው ሥራ አይገባም። አባሏ ባለ አንድ ላም ሴት ብትሆንም ወተቷ በቅባቱ መጠን ተለክቶ ይከፈላታል። የእኛ ማኅበራት ግን በአብዛኛው ሥራ አመራር ኮሚቴው ያለ ደመወዝ በትርፍ ጊዜው እህል ሊገዛ፣ ሊያከማች፣ ሊሸጥም ይሞክራል፤ በእርሻ ጊዜ ደግሞ ወደ እርሻው ይሄዳል። ይህ ሊፈረድበት የሚገባ አይደለም፤ አንድ የንግድ ትምህርት ያለው ወጣት በደመወዝ መቅጠር ግን ወጪ መስሎ ቢታይም በአንድ የሽያጭ ውል ራሱን ይከፍላል።

በአገራችንም ምሳሌ አለ። የኦሮሚያ ቡና ገበሬዎች ኅብረት ሥራ ዩኒየን በ1991 በ34 መሠረታዊ ማኅበራት ሲመሠረት ቡናን በቀጥታ ለውጭ ገዢ መላክ ጀመረ፤ ገበሬው ቡናውን ሲያስረክብ ከሚቀበለው ገንዘብ በተጨማሪ ከሽያጩ በኋላ ከትርፉ ድርሻ እንዲደርሰው አድርጓል። ሥራ ከጀመረ ሃያ ዓመት ያለፈው የኦሮሚያ ኅብረት ሥራ ባንክ ደግሞ የኅብረት ሥራ ማኅበራት ባለአክሲዮን የሆኑበት ባንክ ነው። እኛ በጎጃም መርከብ፣ ዳሞት፣ ጎዛምን የሚባሉ ዩኒየኖች አሉን። መሠረታዊ ማኅበራቱ የዩኒየኖቹ ባለቤት መሆናቸውን ግን ብዙ ጊዜ እንረሳዋለን፤ ማኅበር ወደ ዩኒየኑ ጉባዔ ሲሄድ የጥያቄ ዝርዝሩን ይዞ እንደ ባለቤት ሊቀመጥ ይገባዋል እንጂ ማዳበሪያ እንደሚለምን ሰው ሊቆም አይገባውም።

በመንገዴ አንድ ደስ ያለኝን ነገር ላንሣ። ጀርመን ያቀረበችው የኅብረት ሥራ ሐሳብና ልማድ በዩኔስኮ የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ላይ የሰፈረው በኅዳር 2009 በአዲስ አበባ በተካሄደው ስብሰባ ነው፤ የገዳ ሥርዓትም የተመዘገበው በዚያው ጉባዔ ነበር። ደቦና ወንፈል ያለው ሕዝብ በዋና ከተማው ይህ ሲወሰን ብዙም አለመነጋገራችን ይገርመኛል።

ጠያቂ፦ የማኅበር ጸሐፊ፣ ከቢቸና አካባቢ

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ጋሼ፣ ስለ ቀዩ በሬ የጻፉትን ለአባቴ አነበብሁለት፤ ብዙ ዝም ብሎ ቆየና የእሱም አባት በሬ በዚያ ዓመት ለሌላ ሰው እንደደረሰ ነገረኝ። ይህን እስከ ዛሬ ነግሮኝ አያውቅም።

ሁለት ጥያቄ አለኝ። 25 ኪሎውን ማዋጣት የማይችሉ አባላት አሉን፤ መሬታቸውን ለእኩል የሰጡ መበለቶችና መሬት የሌላቸው ወጣቶች። እነሱን ምን እናድርግ? ሁለተኛው፣ በዕለቱ ክፈሉ የሚለውን ከልቤ ተቀብየዋለሁ፤ ግን ሙሉውን ዋጋ በዕለቱ ከከፈልን በገንዘባችን የምንገዛው እህል በጣም ያንሳል።

መልስ፦ ሒሳብ ሠራተኛ፣ ደብረ ማርቆስ

ለማይችሉት በሦስት ዓመት ተከፍሎ የሚያልቅ ይሁን፤ በየዓመቱ ስምንት ኪሎ ገደማ ይደርሳል። መሬት የሌላቸው ወጣቶች ደግሞ በጭነትና በመጋዘን ሥራ ከሚያገኙት ክፍያ ላይ ለዕጣቸው ይቀመጥላቸው። ድምፃቸው ግን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ እኩል ይሁን።

ስለ ክፍያው፣ ለአባሉ በግልጽ የተነገረና በደረሰኙ ላይ የተጻፈ ሁለት ክፍያ ማድረግ ትችላላችሁ። ለምሳሌ ከዕለቱ የገበያ ዋጋ 80 በመቶውን በዚያው ሰዓት ትከፍሉታላችሁ፤ ይህም ዕዳውን የሚዘጋበትን ገንዘብ ይሰጠዋል። ቀሪው ከነትርፍ ድርሻው እህሉ ሲሸጥ ይከፈለዋል። ይህን የማይፈልግ አባል ሙሉ ዋጋውን ይቀበል፤ የተሳትፎ ድርሻው ግን ያነሰ ይሁን። ከመራዊ የጻፉት ወንድማችን የተጎዱት ክፍያው በመዘግየቱ ብቻ አይመስለኝም፤ የተነገራቸው ቀን ስለተጣሰ፣ ሲጠይቁም መልስ የሚሰጥ ሰው ስላጡ ጭምር ነው።

መልስ፦ እህሉን ለነጋዴ የሚሸጥ አባል፣ ከመራዊ

ትክክል ነው። ቀኑን ነግረውኝ ቢጠብቁት ኖሮ እስከ ግንቦትም እታገሥ ነበር።

ጠያቂ፦ የማኅበር ጸሐፊ፣ ከቢቸና አካባቢ

የሥራ አመራር ኮሚቴው ትናንት ተሰብስቦ ነበር። በጥር ለሚደረገው ጉባዔ ሦስት ነገር እናቀርባለን፤ የ25 ኪሎውን የዕጣ ጤፍ፣ ሚስቶች በየስማቸው እንዲመዘገቡና ሁለቱን ክፍያ። ሥራ አስኪያጅ መቅጠሩን ግን በዚህ ዓመት አንደፍርም፤ ገንዘቡ ሲገኝ እንመለስበታለን። የቀበሌያችን የቁጠባና ብድር ማኅበር ሰብሳቢም በጉባዔው እንድትገኝ ጠይቀናት እሺ ብላናለች። ጉባዔውም በሰንበት፣ ሰው ከቅዳሴ ሲወጣ በቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ካለው ዛፍ ሥር እንዲሆን ወስነናል፤ ከዚህ በፊት በሥራ ቀን መጥራታችን ስሕተት ነበር። ሚዛኑን ከረጢቱን አንሥተን አጸዳነው፤ በታወቀ ክብደት ስንፈትነው ግማሽ ኪሎ ስለሳተ እንዲስተካከል ወደ ከተማ ልከነዋል። ተስተካክሎ ሲመለስ በመጀመሪያ የሚመዘነው የአባቴ 25 ኪሎ ይሆናል፤ ራሱ ነው የጠየቀው።

አንድ የቀረኝ የሁለተኛው ክፍያ ቀን ነው። ሚያዝያ ይሻላል ወይስ ሰኔ?

መልስ፦ ጡረተኛ አደራጅ፣ ፍኖተ ሰላም

ልጄ፣ የማዳበሪያ ገንዘብ ከምትሰበስቡበት ጊዜ ሁለት ሳምንት ቀደም አድርጉት። በአንድ መስኮት ከማኅበሩ ተቀብሎ በሌላው ለማዳበሪያው ከከፈለ በዚያ ክረምት ከማንም አይበደርም። ቀኑንም በመጋዘኑ በር ላይ ከአሁኑ ጻፉት።